ዳር ዳሩን የሚሄዱት መምህር

የመምህር ዘርጋው ቢሮ በር ላይ የነበረው የስም ጽሑፍ ባለፈው ሳምንት ተነሣ። በምትኩ «የስፖርት ዕቃ ማከማቻ» የሚል ተለጠፈ። ወደ ውስጥ ስመለከት እሳቸው ይቀመጡበት በነበረው ወንበር ላይ የመረብ ኳስ መረብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ግን ማንም ያላጠፋው አንድ ትልቅ ክብ አለ። ውስጡ ባዶ ነው፤ ነጠብጣቦች የተደረደሩት ዳሩ ላይ ብቻ ነው። ኳሶቹን ሊያስገቡ የመጡት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ክቡን አይተው፣ «ኳስ መሳል ጀምረው ነው ሳይጨርሱ የሄዱት?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም አዎ አልኳቸው። ማስረዳት ብዙ ጊዜ ይወስድ ነበር።

መምህር ዘርጋው አልሞቱም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ይህ ጽሑፍ በሚለጠፍበት የግድግዳ መጽሔታችን ላይ እስካሁን «የማይረሱ ሰዎች» ተብሎ የተጻፈላቸው በሙሉ የሞቱ በመሆናቸው ነው። እሳቸው በሙሉ ጤንነት ወደ አዲስ አበባ ተሳፍረዋል። ሲሄዱም እንደ ልማዳቸው የኳስ ሜዳውን አላቋረጡም። ሻንጣቸውን ይዘው በፀሐይ ዳር ዳሩን ዞረው ነው ከዋናው በር የወጡት።

እኛን የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ያስተማሩን ሒሳብ ነበር። ልባቸው ያለው ግን ሌላ ነገር ላይ ነው። ውጭ አገር ለብዙ ዓመታት የተማሩት ባውንደሪ ኤለመንት የሚባል የስሌት ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ የስስ ግድግዳ ነገሮችን፣ ማለትም የታንከርን፣ የቧንቧን፣ የቆርቆሮ ጎተራን ጥንካሬ ያሰላሉ። ስለዚህ ዘዴ የሚሰጡት ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ከፈለጉ የሚመርጡት ነበር። ተማሪዎቹም ባለመፈለግ መብታቸው በሚገባ ይጠቀሙ ነበር። መምህር ዘርጋው በዚህ አልተቀየሙም። የሚያዳምጣቸው ካጡ ለእኛ ይነግሩናል።

በመጀመሪያው ቀን ወደ ክፍል ሲገቡ በሩ አጠገብ ያለውን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳሰስ፣ በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አደረጉትና ወደ እኛ ዞሩ።

«ከመካከላችሁ ዓባያን ያየ አለ?»

ሁላችንም እጃችንን አወጣን። ሐይቁ ከከተማው ቁልቁል የተዘረጋ ነው።

«ሐይቁ መሐል ላይ ውሃው ምን ያህል እንደሚሞቅ ለማወቅ ብፈልግ ምን ላድርግ?»

የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ማርቆስ ከካምባ የመጣ፣ ያሰበውን ወዲያው የሚናገር ልጅ ነው። «ጀልባ ይዞ መግባት ነዋ፣ መምህር» አለ።

«አዞዎቹስ?»

«አዞዎቹ... እንግዲህ የራሳቸው ጉዳይ ነው።»

«ጎሽ። አንተ የመምህር ስለሺ ተማሪ ነህ» አሉት። «መምህር ስለሺ በፋይናይት ኤለመንት ነው የሚያምኑት። ሐይቁን እንደ ሸንኮራ ቆራርጠው በየቁራጩ ላይ አንድ ተማሪ ያስቀምጣሉ። የተረፈው ተማሪ ውጤቱን ይጽፋል። እኔ ግን ዳር ዳሩን እዞራለሁ። ዳሩ ላይ ያለውን እለካለሁ። መሐሉን ቤቴ ቁጭ ብዬ አሰላዋለሁ። ውስጡን ተዉት። ዳሩን ጠይቁት፤ ይነግራችኋል።»

ይህች «ውስጡን ተዉት» የምትለዋ ቃል የዘወትር አነጋገራቸው ነበረች። አኗኗራቸውም እንደ ቃላቸው ነው። በመምህራን ክበብ ዳቦ ሲያዙ ቅርፊቱን ዙሪያውን ይበሉና ልቡን ሳህኑ ላይ ይተዉታል። ሲቀላ ወደሚባለው ሰፈር ገበያ ወርደው ማንጎ የሚገዙ እንደሆነ ገበያውን ዙሪያውን ይሄዳሉ እንጂ ወደ መሐል አይገቡም፤ ስለዚህ የሚገዙት ሁልጊዜ ከጠርዝ ሻጮች ነው። አንድ ቅዳሜ እኔንና ማርቆስን ይዘው ወደ ጨንቻ ወጥተው ነበር። እኔ የጨንቻ ልጅ ስለሆንኩ የአጎቴን ቤት እንዳሳያቸው ጠይቀውኝ ነው። የአጎቴ ቤት በዶርዜዎች ወግ ከቀርከሃ የተሸመነ፣ ከፍ ያለ ቤት ነው። መምህር ዘርጋው እንዳዩት ቆመው ቀሩ።

«ተመልከቱ፣ ስስ ግድግዳ» አሉን። ድምፃቸው ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ድምፅ ሆነ። ከዚያም ቤቱን በጣታቸው እየቆረቆሩ ይዞሩት ጀመር። አጎቴ ምግብ አቅርቦ፣ «ይግቡ እንጂ ጌታዬ» ቢላቸው፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ውስጡ አይጠቅመኝም» አሉት። አጎቴ እኔን ወደ ጎን ሳብ አድርጎ በጋሞኛ፣ ይህ አስተማሪህ ከማን ጋር ተጣልቶ ነው በሰው ቤት የማይገባው አለኝ። እስከ ዛሬም ድረስ ስንገናኝ በመጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ እሳቸው ደኅንነት ነው።

ዘዴያቸው ግን አንድ ሕመም ነበረበት። እሳቸው ራሳቸው አልደበቁንም። ግድግዳው ስስ ሲሆን የውጪው ፊትና የውስጡ ፊት በጣም ይቀራረባሉ። ያን ጊዜ ስሌቱ አንዱን ከሌላው መለየት ያቅተዋል፤ ቁጥሮቹ ያብዳሉ። ውጭ አገር የቆዩባቸውን ዓመታት በሙሉ ያጠፉት እነዚያ ሁለት ፊቶች ሳይጋጩ ጎን ለጎን የሚኖሩበትን መላ ሲፈልጉ ነው። መላውንም አግኝተዋል። ሲያስረዱን የሚሰጡት ምሳሌ ግን አልተለወጠም።

«እኔና መምህር ስለሺ ማለት ነው» ይሉ ነበር።

ሁለቱ መምህራን የሚኖሩት በአንድ ቤት ነው። ቤቱን አስተዳደሩ መሐሉን በኮምፔንሳቶ ከፍሎ ለሁለት ሰጥቷቸዋል። መምህር ስለሺ ሲያስነጥሱ መምህር ዘርጋው «ይማርህ» ይላሉ። እኔ የክፍላችን ተጠሪ ስለሆንኩ ደብተር ሰብስቤ የምወስድላቸው ወደዚያ ነበር። ብዙ ጊዜም እንዲህ ያለ ነገር ሰምቻለሁ።

«ዘርጋው፣ አሁንም ዳር ዳሩን ነህ?» ይላል ከኮምፔንሳቶው ማዶ የሚመጣው ድምፅ።

«አንተስ አሁንም እየከተፍክ ነው?»

«እኔ ቢያንስ ተማሪ አለኝ።»

«አዞ የበላቸውን ቀንስ።»

ከዚህ በኋላ ሁለቱም በየበኩላቸው ሬዲዮ ይከፍታሉ። የሚያዳምጡት አንድ ዓይነት ፕሮግራም ነው።

ግቢያችን ውስጥ ኮምፒውተር የለም የሚሉ ሰዎች ሐሰተኞች ናቸው። አንድ አለ። ከአቧራ እንዲጠበቅ የጥልፍ ጨርቅ ለብሶ በዲኑ ጸሐፊ ክፍል ተቀምጧል። በዋናነት የጥሪ ወረቀት ይጻፍበታል። መምህር ዘርጋው ዲስኬታቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። ተራቸው ሲደርስ መብራት ይጠፋል። ስለዚህ የቀረውን ስሌት የሚሠሩት በእጃቸው ነበር።

አሁን ወደ ታንከሩ ልምጣ። ዘንድሮ፣ በ1990 ዓ.ም.፣ ለመኝታ ክፍሎቻችን ውሃ የሚሰጥ አዲስ ታንከር ተተከለ። በረጅም የብረት እግር ላይ የቆመ፣ ከስስ ላሜራ የተሠራ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ ቆንጆ ታንከር ነው። ለሙከራ ውሃ ተሞላ። በማግስቱ ዝንጀሮዎች ከጫካው ወጥተው፣ የታንከሩን ክዳን ከፍተው ሲዋኙበት ተገኙ። የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው አቶ ግዛቸው በዚህ በጣም አዘኑ። የታንከሩ ምረቃ ቀን ቀርቧል፤ እንግዶች ከክልል ይመጣሉ። ስለዚህ ክዳኑን አስበየዱት። ዝንጀሮ ብልጥ ነው ብለው ደግሞ የመተንፈሻ ቱቦውንና የትርፍ ውሃ መውጫውንም በላሜራ አስደፈኑ። ከዚያ በኋላ ታንከሩ ውስጥ ዝንጀሮም፣ ትንኝም፣ አየርም መግባት አይችልም ነበር።

መምህር ዘርጋው ይህን ሲሰሙ ታንከሩን ከሥር ዞሩት። ቢሮአቸው ገብተው በእጃቸው ሲያሰሉ ሰነበቱ። ዲኑ የጠሩት ስብሰባ ቀን ያኔ ደረሰ።

የስብሰባው ክፍልና የእኛ ክፍል የተለዩት በኮምፔንሳቶ ስለሆነ ከአጀንዳው አንድም ነገር አላመለጠንም። አጀንዳው የመምህር ዘርጋው ትምህርት ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚል ነበር።

«ዘንድሮ ስንት ተማሪ ተመዘገበ?» አሉ ዲኑ።

«ሁለት» አሉ መምህር ዘርጋው። «አንዱ በስህተት ነው።»

«ለመሆኑ ይህ ትምህርት ለአገር ምን ይጠቅማል?»

«አዲሱ ታንከር እንዳይጨማደድ ይጠቅማል።»

ከዚያ መምህር ዘርጋው አስረዱ። ታንከሩ ታፍኗል። ትልቁ መዝጊያ ሲከፈት ውሃው ቁልቁል ይወርዳል፤ በውሃው ቦታ የሚገባ አየር ግን የለም። ውስጡ ሲጎድል የውጪው አየር ግድግዳውን ወደ ውስጥ ይጫነዋል። ላሜራው ስስ ነው፤ አይችልም። መጀመሪያ ወደ ውስጥ የሚሰረጉደው በምዕራብ በኩል፣ ከወገቡ ከፍ ብሎ ነው አሉ።

«ውሃ ተሞልቶ ያልፈነዳ ታንከር ሲጎድል ምን ይሆናል?» አሉ አቶ ግዛቸው። «ሆድ የሚፈነዳው ሲጠግብ ነው እንጂ ሲርበው ነው እንዴ?»

«ሲርበውማ ይጣበቃል» አሉ መምህር ዘርጋው።

እኛ በዚህ በኩል ሳቅን፤ በዚያ በኩል ግን ማንም አልሳቀም። ዲኑ ፍትሐዊ ሰው ናቸው። መፍትሔ አመጡ። «መልካም። በምረቃው ዕለት ታንከሩ ከተጨማደደ ትምህርቱ ጠቃሚ ነው ማለት ነው፤ ይቀጥላል። ከቆመ ግን ይዘጋል።»

«እኔ እኮ እንዳይጨማደድ መተንፈሻውን ክፈቱለት ነው የምለው።»

«ከተከፈተማ ትክክል መሆንዎን በምን እናውቃለን?» አሉ ዲኑ።

ዲኑ ቀጠሉ፤ «መምህር ስለሺ፣ በዚህ ላይ የሚሉት አለ?»

መምህር ስለሺ የስብሰባው ጸሐፊ ነበሩ። ወንበራቸው ሲንቋቋ ሰማን። «በቃለ ጉባኤ ይያዝ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህር ዘርጋው በየቢሮው ዞሩ። አቶ ግዛቸው የምረቃ ኮሚቴውን ይጠይቁ አሏቸው። ኮሚቴው የንብረት ክፍልን ይጠይቁ አለ። ንብረት ክፍል ደግሞ የታሸገ ነገር የሚከፈተው ባሳሸገው ሰው ጥያቄ ነው ብሎ ወደ አቶ ግዛቸው መለሳቸው። መተንፈሻውን የበየደውን ሠራተኛ አግኝተው ቢለምኑት፣ «መምህር፣ እኔ የደፈንኩት ታዝዤ ነው። ሳልታዘዝ ብከፍተው ከእንጀራዬ ትለዩኛላችሁ» አላቸው። እውነቱን ነው።

ማርቆስ ነው በመጨረሻ ሁላችንም ያሰብነውን ያወጣው። ከክፍል ሲወጡ ተከትሎ፣ «መምህር፣ ዝም ቢሉስ? ታንከሩ ይጨማደዳል፤ እርስዎ ትክክል ይሆናሉ። ኮርሱም ይቀጥላል» አላቸው።

መምህር ዘርጋው ግድግዳውን እየዳሰሱ ቆሙ። ሐሳቡ ያልመጣባቸው ሰው አይመስሉም ነበር።

«በምረቃው ቀን ከታንከሩ ሥር ተሰልፎ የሚያጨበጭበው ማነው?» አሉ።

«እኛ ነን። አንደኛ ዓመቶች።»

«እንግዲያው ስሌቱን የምታበላሹብኝ እናንተ ናችሁ» አሉና ዳር ዳሩን ይዘው ሄዱ።

የምረቃው ቀን አማረ። አቶ ግዛቸው አጨብጫቢዎቹን ቀደም ባለው ሳምንት አሠልጥነውናል። እሳቸው ነጭ መሐረባቸውን ሲያወጡ እንጀምራለን፤ መልሰው ኪሳቸው ሲከቱ እናቆማለን። ከእኛ አጠገብ ከበሮ የያዙ የባህል ቡድን አባላት ነበሩ። ንግግሮች ተደረጉ። ከክልል የመጡት እንግዳ ሪባኑን ቆርጠው የትልቁን መዝጊያ ጎማ ማዞር ጀመሩ። ውሃው ከቧንቧው እያገሳ ወጣ። መሐረቡ ወጣ። አጨበጨብን፣ ከበሮው ተመታ።

ጥቂት ቆይቶ ውሃው ቀጠነ። ከዚያ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይቆማል። ከላያችን፣ ከታንከሩ ውስጥ፣ ሰው አፉን ሳይከፍት የሚያሰማው ዓይነት ማቃሰት መጣ። እንግዳው ጎማውን ይበልጥ ከፈቱት።

ያን ጊዜ ነው መምህር ዘርጋውን ያየኋቸው። በሜዳው መሐል ለመሐል እየሮጡ ይመጣሉ። ሣሩን ረግጠው፣ የግቡን መስመር አልፈው፣ በቀጥታ። እሳቸውን በዚያ ቦታ አይቼ ስለማላውቅ ለአፍታ ሌላ ሰው መሰሉኝ። በአንድ እጃቸው መዶሻ፣ በሌላው መሮ ይዘዋል። ማንንም ሳያናግሩ ታንከሩ ላይ የተደገፈውን መሰላል ይዘው መውጣት ጀመሩ። መሰላሉ ሥሩ ያልታሰረ ነበር፤ ተወዛወዘ። ከእንግዶቹ ረድፍ አንድ ሰው ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ ወጣና መሰላሉን በሁለት እጁ ጨብጦ ደግፎ ያዘ። መምህር ስለሺ ነበሩ። አንገታቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው፣ «ቀስ በል፣ አንተ» ሲሉ ሰማሁ።

መምህር ዘርጋው ገና ጫፍ ሳይደርሱ ታንከሩ በምዕራብ በኩል፣ ከወገቡ ከፍ ብሎ፣ ዷ ብሎ ገባ። ትልቅ ትሪ የሚያስቀምጥ ጉድጓድ ሆነ። ከበሮ መቺዎቹ ድምፁን ወደውት ምታቸውን አፈጠኑ። እኛ ማጨብጨባችንን አላቆምንም፤ መሐረቡ አልገባም ነበርና። መምህር ዘርጋው ጣሪያው ላይ በጉልበታቸው ተንበርክከው መቱ፣ ደግመው መቱ። የመተንፈሻው ላሜራ ተገንጥሎ ሣሩ ላይ ወደቀ። ታንከሩ ዋና ደክሞት ከውሃ ብቅ ያለ ሰው እንደሚስበው ያለ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ከዚያም ውሃው በሙሉ ኃይሉ ወረደና የእንግዳውን ጫማ አራሰው። እንግዳው ፈገግ አሉ። ውሃ ለማስመረቅ መጥተው ውሃ አይተዋል። አቶ ግዛቸው መሐረቡን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

በሚቀጥለው ስብሰባ እኛ ከኮምፔንሳቶው ወዲህ ትንፋሻችንን ውጠን አዳመጥን። ውሳኔው አጭር ነበር። ታንከሩ ስለቆመ ትምህርቱ ጥቅም የሌለው ሆኖ ስለተገኘ ይዘጋል። መምህር ዘርጋው በእንግዶች ፊት የመንግሥት ንብረት በመሮ በመስበራቸው ማስጠንቀቂያ ይሰጣቸዋል። በታንከሩ ጎን ላይ የተፈጠረው ጉድጓድም የመምህሩ ጉልበት ያደረሰው መሆኑ ታምኖበታል።

«ጉልበቴ እዚያ ድረስ ይደርሳል?» አሉ መምህር ዘርጋው። «እኔ የነበርኩት ጣሪያው ላይ ነው።»

«ሲወጡ ሊሆን ይችላል» አሉ አቶ ግዛቸው።

«መሰላሉ የተደገፈው በምሥራቅ በኩል ነው።»

«ዝርዝር ውስጥ አንግባ» አሉ ዲኑ። ትምህርቱ ከተዘጋ በኋላም መምህሩ ሥራ ፈት እንዳይሆኑ አስበው የስፖርት ኮሚቴ ሰብሳቢ አደረጓቸው። ይህን ሁሉ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የመዘገቡት መምህር ስለሺ ናቸው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደብተሮች ይዤ ወደ መምህር ዘርጋው ቤት ሄድኩ። አልተቆጡም። ዳቦ ቅርፊቱን እየበሉ ነበር። ከኮምፔንሳቶው ማዶ ኳ ኳ ተደረገ።

«ዘርጋው።»

«አቤት።»

«ያንን ታንከር በእኔም ዘዴ ሠርቼው ነበር። ከትፌ ከትፌ። ያው ያንተው ነው የመጣው። ምዕራብ፣ ከወገቡ ከፍ ብሎ።»

መምህር ዘርጋው ዳቦውን አስቀመጡ። «መቼ ነው የሠራኸው?»

«ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት።»

«ታዲያ ስትጠየቅ ለምን ዝም አልክ?»

ከዚያ መምህር ስለሺ በጣም ግልጽ የሆነ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው፣ «ስብሰባ ነበራ» አሉ።

መምህር ዘርጋው ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፤ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ኮምፔንሳቶውን በጣታቸው መታ መታ አድርገው፣ «ስስ ነው» አሉኝ። ደብተሮቹን ሁሉ አርመው ሰጥተውን ነው የሄዱት። የስፖርት ኮሚቴውን ለአንድም ቀን አልሰበሰቡም።

ጉድጓዱ አሁንም ታንከሩ ላይ አለ። አዲስ የመጣ ሰው ምንድነው ብሎ ሲጠይቅ «የመምህር ዘርጋው ጉልበት ነው» እንለዋለን፤ ቀና ብሎ ከፍታውን በዓይኑ ይለካል። ውሃ ግን በየቀኑ እናገኛለን።

አቶ ግዛቸው ዝንጀሮዎቹን አልረሱም። መተንፈሻው እንደገና ይደፈን ሲሉ ጠይቀዋል። ጉዳዩ የባለሙያ አስተያየት ያስፈልገዋል ተብሎ ወደ መምህር ስለሺ ተመርቷል። ትናንት የክፍላችንን ፈተና ወረቀት ላመጣ ቢሮአቸው ስገባ አቶ ግዛቸው ፊታቸው ቆመው ነበር። ጥያቄው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበታል።

«መምህር፣ ይህ ነገር ሰነበተ እኮ። አልጨረሱትም?» አሉ አቶ ግዛቸው።

«እያየሁት ነው» አሉ መምህር ስለሺ።

«ምኑ ነው ይህን ያህል የሚታየው?»

መምህር ስለሺ ብርጭቆውን አንሥተው ከሻይው ፉት አሉና መልሰው እዚያው ወረቀቱ ላይ አስቀመጡት። «ውስጡ አልገባሁም» አሉ። «ገና ዳር ዳሩን ነኝ።»